ሜጂክ ከጠረጴዛ ወደ ስክሪን፦ አሬና ተራዬን ለምን ይዘልላል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ፣ የአምዱ አዘጋጅ፤

አራት ኪሎ አካባቢ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር እሑድ እሑድ ሜጂክ ዘ ጋዘሪንግ የተባለውን የካርድ ጨዋታ እንጫወታለን። አብዛኛውን ጊዜ ለአራት የሚሆነው ባለ 100 ካርዱ ዓይነት፣ ኮማንደር ነው፤ ሰው ሲጎድል ባለ 60 ካርዱን ለሁለት። ሕጉን አውቀዋለሁ፤ ስታክ (የወጡ ካርዶች እስኪፈጸሙ ተደራርበው የሚጠብቁበት) ላይ ክርክር ሲነሳ የምጠየቀው እኔ ነኝ። በሳምንቱ መሀል ለመለማመድ ብዬ የጨዋታውን የኮምፒዩተር ስሪት አሬናን ላፕቶፕና ስልኬ ላይ ጫንኩት፤ አራት ጥያቄ አለኝ።

ተጋጣሚዬ ሲጫወት ልመልስ ስል ጨዋታው ያልፈኛል፤ ለምን? የመጀመሪያው እጄ ብዙ ጊዜ ጥሩ ሆኖ ሳለ ከዚያ በኋላ መሬት (ለሌሎች ካርዶች የሚከፈለውን ማና የሚያስገኘው ካርድ) የሚጠፋው ማሽኑ አውቆ ነው? በዶላር የሚከፍል ካርድ የለኝም፤ ያለ ክፍያ ደህና ዴክ (የምጫወትበት የካርድ ክምር) መሥራት ይቻላል? (በፈለግሁት ካርድ የሚለወጡትን፣ የተሰጡኝን ዋይልድካርዶች እስካሁን አልነካኋቸውም።) አራታችን አብረን የምንጫወትበትስ የት ነው? ሰፈራችን መብራት ስለሚጠፋ እሱንም ያስቡልኝ።

ከአራት ኪሎ

መልስ

እህቴ፣ ዋይልድካርዶቹን እንደያዝሽ ቆዪ፤ እመለስባቸዋለሁ። ትልቁ ጣጣ ግን የመጀመሪያው ጥያቄሽ ነውና ከእሱ እንጀምር።

አሬና የሚዳኘው በጠረጴዛው ሕግ ነው። ጠረጴዛ ላይ ግን «ቆይ፣ ልመልስ» ማለት በቂ ነው፤ እዚህ የምትቆሚበትን ቦታ አስቀድመሽ ካላመለከትሽ ፕሮግራሙ ለፍጥነት ሲል ብዙውን ደረጃ ራሱ ያሳልፍልሻል። በዚያች ቅጽበት ልትጫወቺው የምትችዪው ነገር ከሌለሽ ጨርሶ አይጠይቅሽም። ቢኖርሽም እንደ አፕኪፕ (የተራ መጀመሪያ) ያሉትን ደረጃዎች ሳያቆም ሊያልፍ ይችላል።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። በአንቺና በተጋጣሚሽ ምስል አጠገብ የተደረደሩ ትንንሽ የደረጃ ምልክቶች አሉ። የምትፈልጊውን ስትጫኚው ይበራል፤ የበራ ደረጃ ላይ ጨዋታው ይጠብቅሻል። ኢንስታንት (በተጋጣሚ ተራም የሚወጣ ካርድ) የምታበዢ ከሆነ የተጋጣሚሽን የተራ መጨረሻ አብሪው። ሁለተኛው ፉል ኮንትሮል ነው፤ ላፕቶፕ ላይ የኮንትሮል ቁልፍን ስትጫኚ ይበራል፣ ኮንትሮልና ሺፍትን አንድ ላይ ከተጫንሽ ደግሞ ራስሽ እስክታጠፊው ይቆያል። ከበራ በኋላ እያንዳንዷን ቅድሚያ (ካርድ የማውጣት ዕድል) ይጠይቅሻል። ሁልጊዜ አብርተሽ አትጫወቺ፤ ሰዓትሽን ይበላዋል፤ ስትዘገዪ ስክሪኑ ላይ የምትነደው የሰዓት ገመድ አልቃ ተራሽ ያልፋል። ጣትሽንም ጠብቂ፦ ስፔስ አንድ እርምጃ ብቻ ያሳልፋል፣ ኢንተር ግን ተራሽን ጠቅላላ ይለቀዋል። ጀማሪ ኢንተርን ነክቶ ሳያጠቃ ተራው ሊያልፍበት ይችላል።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚመጣ፣ ጠረጴዛ ላይ የሌለ ነገር አለ። ተጋጣሚሽ ካርድ አውጥቶ ጨዋታው ለአፍታ ቀጥ ካለ፣ እጅሽ ላይ መመለሻ እንዳለሽ ይጠረጥራል። በፉል ኮንትሮል ምንም ሳይኖርሽም ታስቆሚዋለሽና ለማስፈራሪያ ይጠቅምሻል።

ማናውንም ማሽኑ ራሱ ነው የሚመርጥልሽ፤ አንዳንዴ ይስታል። ሁለት ሰማያዊና ሁለት ቀይ መሬት አለሽ እንበል። እጅሽ ላይ አንድ ቀይና አንድ ማንኛውንም ማና የሚጠይቅ ፍጡር አለ፤ ከጎኑ ሁለት ሰማያዊ የሚጠይቅ ካውንተር (የተጋጣሚን ካርድ የሚሽር)። ማሽኑ ለፍጡሩ አንድ ቀይና አንድ ሰማያዊ ከወሰደ ካውንተሩ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ሁለቱን ቀይ መሬቶች አንድ በአንድ ጠቅ አድርጊና ከዚያ ፍጡሩን ጎትቺ። ከአንድ ቀለም በላይ ባለው ዴክ ሁሉ ይህን ልማድ አድርጊው። ስልክ ላይ መሬቶቹ ተደራርበው ስለሚታዩ መሳት ቀላል ነው፤ ምላሽ የሚበዛበትን ዴክ ላፕቶፕ ላይ ተጫወቺ።

ወደ መሬቱ ስንመጣ፣ ጥርጣሬሽ ግማሹ ትክክል ነው። በአንድ ጨዋታ በሚወሰነው ግጥሚያ አሬና ከአንድ በላይ እጅ በድብቅ ያወጣና፣ የመሬት ድርሻው ከዴክሽ ድርሻ ጋር ይበልጥ የሚቀራረበውን ይሰጥሻል። የሚነካው የመጀመሪያውን እጅ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የምትስቢው ሁሉ የዕድል ነው። በሦስት ጨዋታ በሚወሰነው ግጥሚያ ግን ይህ እርዳታ የለም። ስሌቱን እዪው፦ ከ60 ካርድ 24ቱ መሬት ሲሆኑ 7 ካርድ ውስጥ በአማካይ 2.8 መሬት ይወጣል፣ ሆኖም ያለ እርዳታ ከሰባት እጅ አንዱ ገደማ ባዶ ወይም ባለ አንድ መሬት ነው። ጠረጴዛ ላይ ይህን ያህል የማይሰማሽ አብዛኛው ሰው ሲቀላቅል በደንብ ስለማይቀላቅል ነው። ባየርና ዲያኮኒስ የተባሉ የሒሳብ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ሥራ 52 ካርድ በወጉ እንዲቀላቀል ወደ ሰባት ጊዜ ሪፍል (ክምሩን ለሁለት ከፍሎ ማጠላለፍ) እንደሚያስፈልገው አሳይተዋል። እኛ ሦስቴ አድርገን «በቃ፣ አከፋፍል» እንላለን! መሬትና ካርድ እያፈራረቁ ደርድሮ ላይ ላዩን የሚቀላቅልም አለ፤ እሱማ ማጭበርበር ነው።

አሁን ወደ ዋይልድካርዶቹ። የወረቀት ካርዶችሽ ወደ አሬና አይገቡም፤ አሬና ውስጥም መሸጥ፣ መለወጥ፣ መበደር የለም። አንድ ዋይልድካርድ በብርቅነት ደረጃው (ኮመን፣ አንኮመን፣ ሬር፣ ሚቲክ) አንዱን ካርድ ያደርግልሽና አለቀ። ውዶቹ ሬሮቹ ናቸው፤ ከስቶር (ከጨዋታው ሱቅ) ስድስት ፓክ (የካርድ እሽግ) ስትከፍቺ አንድ የተረጋገጠ ሬር ዋይልድካርድ ታገኛለሽ፣ አልፎ አልፎ በምትኩ ሚቲክ ይሆናል። አንድ ፓክ 1,000 ጎልድ (በመጫወት የሚገኘው የጨዋታው ገንዘብ) ነው። የዕለት ተልዕኮ 500 ወይም 750 ጎልድ ይሰጣል፤ 500 ሲሆን በቀን አንዴ የመቀየር ዕድል አለሽና ቀይሪው። ተልዕኮ እስከ ሦስት ስለሚጠራቀም በየቀኑ መግባት ግድ አይደለም። ከዕለቱ ድሎች ጎልዱ የተከማቸው የመጀመሪያዎቹ አራት ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለደስታሽ ካልሆነ በቀር አትልፊ። በዚህ አካሄድ ደህና የተጫወትሽበት ቀን አንድ ፓክ ገደማ ያስገኝልሻል፤ ያለ ክፍያ ይቻላል፣ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል።

ዴክ መርጠሽ ዋይልድካርድ ከማውጣትሽ በፊት የዴኩን ዝርዝር ኮፒ አድርጊና ዴክ መሥሪያው ውስጥ ኢምፖርት በይው። የጎደለሽን ካርድና የሚያስፈልገውን ዋይልድካርድ ራሱ ያሳይሻል። ስድስት ሬር የሚጎድለው ከሆነ ቀጥዪ፤ ሃያ ከሆነ ተዪው። ከስታንዳርድ (የቅርብ ጊዜ ስብስቦች ብቻ የሚፈቀዱበት የጨዋታ ዓይነት) ካርዶች ፋውንዴሽንስ የሚባለውን ስብስብ አስቀድሚ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ሲሆን ቢያንስ እስከ 2029 ስታንዳርድ ውስጥ ይቆያል፣ ሌሎቹ ቀድመው ይወጣሉ። የአልኬሚ ካርዶችን ግን ራቂያቸው፦ ለኮምፒዩተር ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ ስታንዳርድም አያስገቡሽም፣ እሑድ ጠረጴዛ ላይም የሉም።

የመብራቱን ነገር በተመለከተ ኩዊክ ድራፍት (ከፓኮች ካርድ እየመረጡ ዴክ ሠርተው የሚጫወቱበት ውድድር) ለአንቺ የተሠራ ይመስላል። መግቢያው 5,000 ጎልድ ወይም 750 ጄም (በእውነተኛ ገንዘብም የሚገዛው) ነው። ካርድ የምትመርጪው ከቦቶች (ኮምፒዩተሩ ከሚያንቀሳቅሳቸው ተጫዋቾች) ጋር ስለሆነ ምርጫው ሰዓት የለውም፤ መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ ነገም ትቀጥያለሽ፣ የመረጥሻቸው ካርዶችም ያንቺ ናቸው። ሰባት ድል ወይም ሦስት ሽንፈት ላይ ያበቃል። በጄም ከገባሽ መግቢያውን የሚመልሰው ስድስት ድል ነውና በጎልድ ግቢ። ፕሪሚየር ድራፍት ከሰው ጋር ነው፤ ምርጫው በሰከንድ ስለሚቆጠር መብራቱ ባልታመነበት ቀን አትጀምሪው። ግጥሚያ ላይ ከተቋረጥሽ ፕሮግራሙን ዘግተሽ እንደገና ስትከፍቺ ወደዚያው ይመልስሻል፤ ገመዱ ግን አይጠብቅሽም፣ የስልክሽን ሆትስፖት አዘጋጅተሽ ተቀመጪ። አዲስ ስብስብ ሲወጣ የሚመጣውን ከባድ ዝማኔ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ጨርሺው።

ስለ አራታችሁ፦ አሬና ላይ የአራት ሰው ጨዋታ የለም። ለኮማንደር የሚቀርበው ብሮል ነው፤ 100 ካርድ፣ ከቤዚክ (መሠረታዊ) መሬት በስተቀር ከእያንዳንዱ አንድ አንድ፣ ሆኖም ለሁለት ሰው ብቻ ሲሆን እንደ ኮማንደር በ40 ሳይሆን በ25 ነፍስ ይጀምራል። ሜጂክ ኦንላይን የሚባለው የቆየ ፕሮግራም የአራት ሰው ኮማንደር አለው፤ ግን ክፍያ ስለሚጠይቅ ለእናንተ አይሆንም። በዳይሬክት ቻሌንጅ ሁለት ሁለት ሆናችሁ መግጠም ትችላላችሁ፦ የጓደኛሽን የተጫዋች ስም ከኋላው ካለው ቁጥር ጋር ጓደኛ ዝርዝርሽ ላይ አስገቢ፣ ከዚያ የጨዋታውን ዓይነት ምረጪና ጋብዢው። የዴኩ ካርዶች በየራሳችሁ አካውንት ላይ መኖር አለባቸው፤ እንደ እሑዱ ዴክ መዋዋስ አይቻልም።