ድሬድኖትን የጎበኙት «የሐበሻ መሳፍንት» እነማን ነበሩ?

ጥያቄ፦ ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ባለ ቡና ቤት ስንጨዋወት፣ አንድ አዛውንት በአፄ ምኒልክ ዘመን መሳፍንቶቻችን ድሬድኖት የተባለችውን የእንግሊዝ የጦር መርከብ በክብር እንደጎበኙ አወጉን። እውነት ነውን? መርከቧስ በጦርነቱ ምን ሠራች?
አንባቢያችሁ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ ክቡር ጠያቂያችን፣ ጉብኝቱ በእርግጥ ተደርጓል፤ ጎብኚዎቹ ግን ኢትዮጵያውያን አልነበሩም። ጥር 30 ቀን 1902 ዓ.ም. ሆራስ ዴ ቪር ኮል የተባለ እንግሊዛዊ፣ በውጭ ጉዳይ ሹም ስም የሐሰት ቴሌግራም ካስላከ በኋላ፣ ፊታቸውን ያጠቆሩ፣ ጥምጥም የጠመጠሙና ሰው ሠራሽ ጺም የለጠፉ ጓደኞቹን «የሐበሻ መሳፍንት» ብሎ ወደ መርከቧ ይዟቸው ወጣ። ኋላ ቨርጂኒያ ዉልፍ ተብላ በድርሰቷ የታወቀችው ወጣትም ከመካከላቸው ነበረች። የባሕር ኃይሉ ሰዎች የአገራችንን ሰንደቅ ዓላማ ስላጡ የዛንዚባርን ሰቀሉ፤ «አስተርጓሚው» ከላቲን ግጥም እየቆነጠረ የሚናገረውንም የሐበሻ ቋንቋ ነው ብለው ተቀበሉ። በዚያን ጊዜ አፄ ምኒልክ በጽኑ ሕመም ላይ ነበሩ። ዐድዋ ካለፈ ገና 14 ዓመት ሳይሞላው አገራችን እንዲህ ባዕድና መሳለቂያ ተደርጋ መታየቷ ዛሬም ያሳዝናል።

መርከቧ እንዲህ ላለው ማታለል የተመረጠችው ከባሕር ኃይሉ መርከቦች ሁሉ ስመ ጥሯ ስለነበረች ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ግንባታዋ በእንግሊዝ ወደብ በፖርትስመዝ በኦክቶበር 1905 ተጀምሮ በፌብሩዋሪ 1906 ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ ወደ ባሕር አወረዷት፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም አገልግሎት ጀመረች። ከእርሷ በፊት የነበሩት የጦር መርከቦች ትልቅና አነስተኛ መድፍ ቀላቅለው ሲይዙ፣ እርሷ ግን አፈሙዛቸው 12 ኢንች የሆነ 10 ከባድ መድፎችን ታጠቀች፤ በእንፋሎት ተርባይን ኃይልም በሰዓት 21 የባሕር ማይል ትጓዝ ነበር። ይህ የቀደሙትን ሁሉ በአንድ ጊዜ አሮጌ ስላደረጋቸው፣ ጀርመንም እንግሊዝም በእርሷ አምሳል ለመገንባት ተሽቀዳደሙ፤ ስሟም የዚያ ዓይነት መርከቦች ሁሉ መጠሪያ ሆነ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት የነበራት ታሪክ ግን ከዝናዋ ጋር አይመጣጠንም። ከጠላት የጦር መርከብ ጋር በእነዚያ መድፎች ተታኩሳ አታውቅም። በማርች 18 ቀን 1915 ከስኮትላንድ በስተሰሜን በሚገኘው የፔንትላንድ ወሽመጥ፣ ዩ 29 የተባለችውን የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ በፊተኛ ጫፏ ገጭታ ከነሠራተኞቿ አሰጠመቻት። የሰርጓጇ አዛዥ ኦቶ ቬዲገን፣ በሴፕቴምበር 1914 በአንድ ማለዳ ክሩዘር የተባሉ ሦስት የእንግሊዝ የጦር መርከቦችን ያሰጠመው መኮንን ነበር። በ1916 በእንግሊዝና በጀርመን መካከል ታላቁ የጀትላንድ የባሕር ውጊያ ሲደረግ ድሬድኖት ለጥገና ቆማ ነበር፤ ከዚያም አዳዲሶቹና ፈጣኖቹ መርከቦች ስለበለጧት የቴምዝን ወንዝ መግቢያ እንድትጠብቅ ተመደበች። በ1921 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች፤ በ1923 ስኮትላንድ ውስጥ በኢንቨርኪዚንግ ተፈታታች።