ግሱ የተሸከመውን እንግሊዝኛ የት ያኖረዋል? ጥያቄና መልስ

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ከሚሠሩ አስጎብኚዎች፣ የሆቴል ሠራተኞችና ጀልባ ነጂዎች፣ እንዲሁም ከተማሪዎች በጽሑፍ የደረሱኝ ናቸው። ሁሉም በአንድም በሌላም መንገድ የእንግሊዝኛ ተውላጠ ስም፣ ግስና መስተዋድድ እንዴት እንደሚያያዙ ስለሚጠይቁ አንድ ላይ መመለሱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ በዘጌ አስጎብኚ ነኝ። «ነገርኩት» አንድ ቃል ሆኖ ሳለ በእንግሊዝኛ «አይ ቶልድ ሂም» ተብሎ ሦስት ቃል የሚሆነው ለምንድን ነው? «አይ»ን ብተወው ምን ይጎድላል?

መልስ፦ ባለቤቱ ይጎድላል። «ነገርኩት» በሚለው ቃል ውስጥ «ኩ» ነጋሪውን፣ «ት» ደግሞ የተነገረውን ሰው ስለሚያመለክቱ፣ «እኔ» እና «ለእርሱ» ብለን የምንጨምረው ነገሩን ማጥበቅ ስንፈልግ ብቻ ነው። የእንግሊዝኛው «ቶልድ» ግን እኔም ብነግር፣ አንቺም ብትነግሪ፣ እነርሱም ቢነግሩ መልኩን አይለውጥም፤ ተውላጠ ስሙ ከወደቀ ማን እንደ ነገረ የሚያስታውቅ ምልክት አይቀርም። ያለ ባለቤት በደንብ የሚቆመው ትእዛዝ ነው፤ «ንገረው» ለማለት «ቴል ሂም» ይበቃል።

ከዚሁ ልማዳችን የሚመነጭ ተቃራኒ ስሕተትም አለ፤ በእኔ ግምት በብዛት የሚሰማው እንዲያውም ይህ ነው። «ያየሁት ሰው» ስንል «ት» በግሱ ላይ ስላለች፣ ወደ እንግሊዝኛ ስንሻገር እርሷንም ይዘን «ዘ ማን አይ ሶው ሂም» እንላለን። በእንግሊዝኛ የዚያ «ሂም» ቦታ ባዶ መቅረት አለበት፤ ትክክለኛው «ዘ ማን አይ ሶው» ነው። «ማይ ብራዘር ሂ ኬም» በሚለውም ውስጥ ወንድም ከተጠራ በኋላ የገባው «ሂ» ትርፍ ነው።

ጥያቄ፦ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ከዓመት በኋላ ለተመለሱ ደንበኛ «ናፍቀውኝ ነበር» ለማለት «ዩ ሚስድ ሚ» ማለት ለምን አይቻልም?

መልስ፦ ነገሩ ስለሚገለበጥ ነው። አማርኛ ናፍቆትን፣ ረኃብን፣ ድካምንና ብርድን በሰው ላይ እንደሚደርስ ነገር አድርጎ ይናገራቸዋል፤ ስለዚህ «ናፈቁኝ» ሲሉ የግሱ ባለቤት እንግዳው ሲሆኑ፣ ናፋቂዋ እርስዎ «ኝ» ሆነው ከኋላ ይከተላሉ። እንግሊዝኛ ናፋቂውን ባለቤት አድርጎ ከፊት ስለሚያቆም «አይ ሚስድ ዩ» ማለት ያስፈልጋል። «ዩ ሚስድ ሚ» ካሉ፣ እንግዳው እርስዎን ሲናፍቁ እንደ ኖሩ እየነገሯቸው ነው። «ራበኝ» «አይ አም ሀንግሪ»፣ «ደከመኝ» «አይ አም ታየርድ»፣ «ገባኝ» «አይ አንደርስታንድ»፣ «አለኝ» ደግሞ «አይ ሃቭ» የሚሆኑት በዚሁ ሥርዓት ነው። «በረደኝ» ለማለት «አይ አም ኮልድ» ይበሉ፤ «አይ ሃቭ ኤ ኮልድ» ያሉ እንደ ሆነ ጉንፋን እንደ ያዘዎት ይቆጠራል።

የሚገርመው፣ የጥንቱ እንግሊዝኛ በዚህ ረገድ ለአማርኛ ይቀርብ ነበር፤ ረኃብን የሚገልጸው ግስ የራበውን ሰው ተሳቢ አድርጎ ይይዘው ነበር። እስከ ዛሬ በአሮጌ ጽሑፎች የምትገኘው «ሚቲንክስ» የተባለችው ቃልም በአሠራሯ ከእኛ «ይመስለኛል» ጋር አንድ ናት።

ጥያቄ፦ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በትምህርት ቤት ዓረፍተ ነገርን በመስተዋድድ መጨረስ ስሕተት ነው ተብለናል፤ በፊልም ግን ዘወትር እሰማዋለሁ። የትኛው ይታመን?

መልስ፦ የሰማኸው ይታመን። ክልከላው ላቲንን እንደ አርአያ ከያዙ ጸሐፍት የመጣ ነው፤ በተለይ ባለቅኔው ጆን ድራይደን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1672 ይህን አነጋገር በሌላ ደራሲ ላይ እንደ ጉድለት ቆጥሮት ነበር። የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም መስተዋድዱን መጨረሻ ላይ ሲተዉት ኖረዋል።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ «በት» የምንላት ቅጥያ የምትሠራው ይህንኑ ሥራ ነውና። «የተወለድኩበት ቤት» የሚለው «ዘ ሃውስ አይ ዎዝ ቦርን ኢን» ነው። «የተቀመጥኩበት ወንበር» «ዘ ቼር አይ አም ሲቲንግ ኦን»፣ «የተነጋገርንበት ጉዳይ» ደግሞ «ዘ ማተር ዊ ቶክድ አባውት» ይሆናል። ልዩነቱ አማርኛ በአንዲት «በት» የሚሸፍነውን እንግሊዝኛ እንደ ነገሩ ጠባይ «ኢን»፣ «ኦን»፣ «አባውት» እያለ መለያየቱ ነው። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን ስትጨርስ «በት» ያልካት ውስጥነትን፣ ላይነትን ወይስ ስለ አንድ ነገር መሆንን እንደምታመለክት ራስህን ጠይቅ። በመደበኛ ጽሑፍ «ዘ ሃውስ ኢን ዊች አይ ዎዝ ቦርን» ማለትም ትክክል ነው፤ መስተዋድዱን ፈጽሞ ጥሎ «ዘ ሃውስ አይ ዎዝ ቦርን» ማለት ግን በየትኛውም ወገን ተቀባይነት የለውም። በተማሪዎች ደብተር ላይ የማየው ደግሞ ይኸኛውን ነው፤ ክልከላውን ከሚያጠብቁት ይልቅ መስተዋድዱን ለሚያስቀሩት አዝናለሁ።

ጥያቄ፦ የሕግ ተማሪ ነኝ። «መሰከረለት» እና «መሰከረበት» በእንግሊዝኛ እንዴት ይለያሉ?

መልስ፦ «ሂ ቴስቲፋይድ ፎር ሂም» እና «ሂ ቴስቲፋይድ አጌንስት ሂም» በማለት። «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» በሚሉትም እንዲሁ አንዱን «ኢን ሂዝ ፌቨር»፣ ሌላውን «አጌንስት ሂም» ማለት ይቻላል። ተጠቃሚውን በ«ለ»፣ ተጎጂውን በ«በ» የሚለየው ይህ የአማርኛ ሥርዓት በእንግሊዝኛ አንድ ወጥ አቻ የለውም፤ እንዲያውም በብዙ ዓረፍተ ነገር ጉዳቱ በባለቤትነት ተውላጠ ስም ብቻ ይገለጻል። «ስልኬ ጠፋብኝ» ስንል ያለችውን «ብኝ» የሚተካ መስተዋድድ አንፈልግም፤ «አይ ሎስት ማይ ፎን» ይበቃል። በዕለት ንግግር ግን «ዘ ካር ብሮክ ዳውን ኦን አስ» ይባላል፤ ይህ «ኦን» መኪናው ተበላሸብን ከምንልባት «ብን» ጋር እጅግ ይቀራረባል።

ጥያቄ፦ ጀልባ ነጂ ነኝ። «ጠብቀኝ» ለማለት «ዌይት ሚ» ስል የሚያርሙኝ ለምንድን ነው? የትኛው ግስ መስተዋድድ እንደሚፈልግ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ በሕግ አይታወቅም፤ ግሱን ስንማር መስተዋድዱን አብረን መያዝ ነው ያለው መንገድ። «ጠበቀ» ተሳቢውን በቀጥታ ይወስዳል፤ «ዌይት» ግን «ፎር» ይሻል። «አዳመጠ»ም በቀጥታ ይሄዳል፣ «ሊስን» ግን «ቱ» ካልተከተለው አይሆንም። በተቃራኒው እኛ «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ስንል «ዲስከስ» ያለ «አባውት» ይቆማል፤ እኛ «ወደ ክፍሉ ገባ» ስንል «ኤንተርድ ዘ ሩም» ይበቃል። «አስረዳኝ» ለማለት «ኤክስፕሌይን ሚ» ከማለት ይልቅ «ኤክስፕሌይን ኢት ቱ ሚ» ይበሉ። ለእርስዎ ሥራ ዋነኛዋ «ደረስን» ናት፤ ወደ ጀልባ ማቆሚያው ሲደርሱ «አራይቭ አት»፣ ወደ ከተማው ሲደርሱ «አራይቭ ኢን» ይባላል፤ «አራይቭ ቱ» አይባልም።

ጥያቄ፦ «በጣና» ለማለት «ኢን» ነው ወይስ «ኦን»?

መልስ፦ ጀልባው «ኦን ዘ ሌክ»፣ ዋናተኛው «ኢን ዘ ሌክ»፣ ዳር ላይ ቡና የሚጠጣው «ባይ ዘ ሌክ» ነው። ደቅ ደሴት «ኢን ሌክ ጣና»፣ ባሕር ዳር ከተማ ግን «ኦን ሌክ ጣና» ይባላሉ። በታንኳ የተቀመጠ ሰው «ኢን»፣ ቆሞ ለመንቀሳቀስ በሚያስችል መርከብ የተሳፈረ «ኦን» ነው፤ የመጓጓዣውን ዓይነት ብቻ ለመናገር ደግሞ «ባይ ቦት»።

ጥያቄ፦ ትልልቅ ሰዎችን «ዩ» ብሎ መጥራት ይከብደኛል። ለ«እርስዎ» የሚሆን ቃል የለም?

መልስ፦ የለም። ቀድሞ «ዛው» ለአንድ ሰው፣ «ዩ» ለብዙዎችና ለአክብሮት ይነገሩ ነበር፤ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን «ዛው» ከተለመደው ንግግር እየወጣ ሄደ። እንግዲህ የቀረው የአክብሮቱ ቃል ስለሆነ «ዩ» ሲሉ ማንንም አላዋረዱም። አክብሮቱን «ሰር»፣ «ማዳም» በማለት ወይም ጥያቄውን በ«ኩድ ዩ» በመጀመር ያሳዩ፤ እንደ አማርኛው ብዙ ቁጥር «ዜይ» ማለት ግን ፊት ለፊትዎ ያሉትን ሰው ሌላ ቦታ ያሉ ያስመስላል።

ጥያቄ፦ «ፒክ አፕ ሂም» ትክክል ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ «ፒክ ሂም አፕ» ነው። ስም ከሆነ በሁለቱም ቦታ ይገባል፦ «ፒክ አፕ ዘ ጌስት»፣ «ፒክ ዘ ጌስት አፕ»። ተውላጠ ስም ግን መካከል መግባት አለበት። «ሉክ አት» ግን አይከፈልም፤ ሁልጊዜ «ሉክ አት ሂም» ነው። ሁለቱን ለመለየት ድምፁን ያዳምጡ፦ «ፒክ ኢት አፕ» ሲባል «አፕ» ጠንክራ ትሰማለች፣ «ሉክ አት ኢት» ሲባል ግን «አት» ተውጣ ታልፋለች። ከማረፊያ ቤት እንግዳ ለማምጣት ስልክ ሲደውሉ «አይ ዊል ፒክ ዩ አፕ አት ሰቨን» ይበሉ፤ ሰባቱም በእንግዳው ሰዓት እንጂ በእኛ አቆጣጠር አይደለምና፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በር ላይ ይገኙ።