የኤፍ-150 ፌዘር ለውጥ፦ ጠይቁ፣ ግን መጀመሪያ ግፊቱን ለኩ

በሰሜን ቨርጂኒያ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ስፈታ ዘንድሮ 19 ዓመቴ ነው። ከሁሉም በላይ እጄ ላይ የሚወድቀው በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2004 እስከ 2010 የተሠራው ፎርድ ኤፍ-150 ነው፤ ባለ 5.4 ሊትሩ፣ በአንድ ሲሊንደር ሦስት ባልቦላ ያለው። ዛሬ ከሰዓት ጊዜ አለኝ፤ ስለ ሞተሩ ፌዘር የምትፈልጉትን ጠይቁኝ።

ለማያውቁት በአጭሩ፦ ፌዘር ባልቦላዎቹን በሚከፍተው ዘንግ፣ በካምሻፍቱ፣ ጫፍ ላይ ተቀምጦ የታይሚንግ ሰንሰለቱ የሚያዞረው ጥርሳም ክፍል ነው። ኮምፒውተሩ በሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ በሚሠራ የዘይት ቫልቭ) አማካኝነት ዘይት ወደ ውስጡ ሲልክ ካምሻፍቱን ያዘገየዋል፤ በዚህም ባልቦላዎቹ የሚከፈቱበትና የሚዘጉበት ጊዜ ይለወጣል። ሁለት ናቸው፤ በእያንዳንዱ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ራስ) ላይ አንድ። የሚሠራው በዘይት ግፊት ብቻ መሆኑን ያዙልኝ፤ ዛሬ ደጋግሜ የምመለስበት ነገር ነው።

ከዳላስ፦ ጋሼ ሰላም ነዎት? መኪናዬ ይንኳኳል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። ሞዴሉ የስንት ነው? ስንት ማይል ሄዷል? የሚንኳኳው ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ሲሞቅ? ቆሞ ነው ወይስ ስትነዳው? የዘይት ግፊቱስ? «ይንኳኳል» ተብሎ ብቻ ሲነገረኝ የምመልሰው የለኝም። ለክተህ ተመለስ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ የእኔ የ2006 ነው፣ 148 ሺህ ማይል። ጠዋት ሲነሣ ጸጥ ያለ ነው። ሃያ ደቂቃ ነድቼ የትራፊክ መብራት ላይ ስቆም ልክ እንደ ናፍጣ መኪና ይንኳኳል። ነዳጅ ትንሽ ስሰጠው ድምፁ ይጠፋል። ኮምፒውተሩ የሚያሳየው የብልሽት ኮድ ፒ0022 ነው። ሁለቱንም ፌዘር አዝዤ ልቀይር?

መልስ፦ ጥያቄ እንዲህ ሲሆን ደስ ይላል። ድምፁ በእርግጥ የፌዘር ነው። ነገር ግን የሚጮኸውና የታመመው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ።

ፌዘሩ ውስጥ ዘይት የሚገፋቸው ክንፎች አሉ። ሞተሩ ሲሞቅ ዘይቱ ይቀጥናል፤ ቆሞ ሲሠራ ደግሞ ፓምፑ በዝግታ ይዞራል። ያኔ ግፊቱ ከወረደ ክንፎቹን የሚይዛቸው ነገር ስለማይኖር ወዲያና ወዲህ ይላተማሉ። ነዳጅ ስትሰጠው ፓምፑ ይፈጥናል፣ ግፊቱ ይወጣል፣ ድምፁም ይጠፋል። ታዲያ ግፊቱን ምን አወረደው? በዚህ ሞተር ላይ መጀመሪያ የምጠረጥረው የሰንሰለቱን ቴንሽነር (ወጣሪ) ነው። አካሉ ፕላስቲክ ነው፤ ከጀርባው ስስ ማሸጊያ አለ። ያ ማሸጊያ ሲፈነዳ ወደ ቴስታታው መውጣት የነበረበት ዘይት የፊት ሽፋኑ ውስጥ ይረጫል። አዲስ ፌዘር ብታስርበት አዲሱም ዘይት ያጣል።

ባለፈው ጥር ከሜሪላንድ አንድ ሰው መኪናውን አመጣልኝ። ሌላ ጋራዥ ሁለት ጊዜ ፌዘር ቀይሮለታል፤ ሁለት ጊዜ ከፍሏል፤ መኪናው ግን እንደበፊቱ ይንኳኳል። ከዘይት ማጣሪያው አጠገብ ያለውን የግፊት ማብሪያ አውጥቼ በቦታው ግፊቱን በቀጥታ የሚለካ ሜካኒካል ጌጅ አሰርሁ። ቀዝቃዛው ሞተር 60 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) አሳየኝ። ግማሽ ሰዓት ሠርቶ ሲሞቅ መርፌው ቀስ እያለ ወርዶ 11 ላይ ቆመ። የፊት ሽፋኑን ስንከፍት የግራው ቴንሽነር ማሸጊያ ከጎኑ ወጥቶ እንደተላጠ ቆዳ ተንጠልጥሏል። ካርተሩን (ከታች ያለውን የዘይት ገንዳ) ስናወርድ ደግሞ ሰንሰለቱ ተደግፎ ከሚሄድበት መሪ የተሰበረ፣ ቡናማ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክል ፕላስቲክ የዘይት መሳቢያው ወንፊት ላይ ተለጥፎ አገኘን። ያ ሰው የሚያስፈልገው ፌዘር አልነበረም። ጌጅ የሚያስር ሰው ነበር።

ስለዚህ እስክትለካ ምንም አትዘዝ። የእኔ ወሰን ይህ ነው፦ ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ ቆሞ ሲሠራ ከ25 ፒኤስአይ በታች ካሳየ ፌዘር ብቻ ለይቼ አልቀይርም።

ከአትላንታ፦ የእኔ ግን በዳሽቦርዱ ላይ የዘይት መርፌው ሁልጊዜ መሀል ላይ ነው። ግፊቱ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። ብዙ ሞተር ያስቀበረው ይህ መርፌ ነው። ግፊት አይለካም። ከታች ያለችው ማብሪያ ጥቂት ፒኤስአይ ስታገኝ ትዘጋለች፣ መርፌውም መሀል ላይ ይቀመጣል፤ ግፊቱ 10 ቢሆን 60 ቢሆን ለመርፌው ልዩነት የለውም። ሜካኒካል ጌጅ እሰር። የመኪና ዕቃ መደብሮች በመያዣ ገንዘብ ያውሱሃል።

ከአዲስ አበባ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ የእኔ ሃይሉክስ ናፍጣ ነው፣ 2ኬዲ ሞተር። ፌዘሩ በየት በኩል ነው የሚገኘው?

መልስ፦ የለውም። የምትሰማው ድምፅ ካለ ከሌላ ቦታ ነው። የታይሚንግ ቺንጋህን ግን ጊዜውን ጠብቀህ ቀይር።

ከአዲስ አበባ፣ ሌላ አባል፦ ቤንዚን የሚጠጣው ባለ 2.7 ሊትር ሃይሉክስ ግን አለው። እኔ ራሴ ፈትቼ አይቻለሁ።

መልስ፦ ትክክል ነህ፤ ቤንዚኑ አለው። የእሱ ግን ናፍጣ ነው።

ከሲያትል፦ የ2018 ኤፍ-150 ነው ያለኝ፤ 3.5 ሊትር ኢኮቡስት ሞተር። ጠዋት ሲነሣ ለሦስት ሰከንድ ያህል ይንኮሻኮሽና ዝም ይላል። እርስዎ እንዳሉት ቴንሽነሩን ላስፈታ?

መልስ፦ አይ፣ አታስፈታ። ይህ ሌላ በሽታ ነው፤ ሁለቱን አትቀላቅሉ። የእኛ 5.4 የሚጮኸው ሞቆ ሲቆም ነው፤ ያንተ ቀዝቅዞ ሲነሣ። በኢኮቡስቱ አራት ፌዘሮች አሉ፤ ሞተሩ አድሮ ሲነሣ ዘይቱ እስኪደርስ የውስጥ መቆለፊያው ስለማይዛቸው ነው የሚንኮሻኮሹት። ፎርድ በ2021 ለእነዚህ ሞዴሎች የጥገና ፕሮግራም አውጥቶ ነበር፤ ጊዜው አልፏል። ያንተ መድኃኒት የተሻሻሉት ፌዘሮች ናቸው፤ አራቱም በአንድ ጊዜ ይቀየራሉ።

ከዴንቨር፦ ግፊቱን ለክቻለሁ፤ ሞቆ ቆሞ 34 ነው። ሶሌኖይዶቹንም ቀይሬአለሁ። ድምፁ ግን አለ። የፊት ሽፋኑን ሳልከፍት ፌዘሩን ብቻ መቀየር ይቻላል?

መልስ፦ ለክተህ በመምጣትህ አመሰግንሃለሁ። ግፊቱ ጥሩ ከሆነ ያረጀው ፌዘሩ ራሱ ነው። አዎ፣ ይቻላል። እኔም አደርገዋለሁ፤ ግን ሥራው ሁሉ ያለው ሰንሰለቱን በመያዝ ላይ ነው።

የባልቦላ ሽፋኑን አንሣ። ክራንኩን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) በሰዓት አቅጣጫ ብቻ እያዞርህ የጥገና መጽሐፉ ወደሚለው ቦታ አድርሰው፤ መጽሐፉ የሚጠራቸውን ፎሎወሮችም (በካምሻፍቱና በባልቦላው መካከል ያሉትን ክንዶች) አውጣ። ካልወጡ የባልቦላ ስፕሪንጉ ካምሻፍቱን እየገፋ ብሎኑ ሲላላ ያሽከረክረዋል። ቀጥሎ በነጭ ቀለም ምልክት አድርግ፦ አንድ ጥርስ ላይ፣ ከእሱ ትይዩ ደግሞ ሰንሰለቱ ላይ። በሰንሰለቱ ላይ ያሉትን የፋብሪካ ባለቀለም ዘለላዎች አትፈልጋቸው፤ ሞተሩ ብዙ ጊዜ ዞሮ ካልሆነ በቦታቸው አይመለሱም። ፌዘሩ ላይ የግራና የቀኝ ምልክት ለየብቻ ታትሟል፤ አንዱ ዕቃ ለሁለቱም ወገን ስለሚሆን ማለት ነው። ከትክክለኛው ምልክት ጀምረህ ጥርሶቹን ቆጥረህ ወደ አዲሱ አስተላልፍ። ሁለት ጊዜ ቁጠር።

ከዚያ ሽብልቁ። በሁለቱ የሰንሰለት መስመሮች መካከል ወደ ታች ይገባል፤ ሰንሰለቱ እንዳይላላና ቴንሽነሩ እንዳይወጣ ይይዛል። ስታስገባው ሰንሰለቱን በጣትህ ወደ ጎን ግፋው፤ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ እምቢ ማለት አለበት። ትንሽ እንኳ ከሰጠህ ሽብልቁ አልያዘምና ብሎኑን አትንካ። ቴንሽነሩ አንዴ ከወጣ ወደ ቦታው የምትመልሰው የፊት ሽፋኑን ከፍተህ ነው።

ብሎኑን በእጅ መፍቻ ፍታ፤ በአየር መፍቻ አይሞከርም። አሮጌው ብሎን ተመልሶ አይታሰርም፤ በአዲስ ብሎን በ40 ኒውተን ሜትር አጥብቀህ 90 ዲግሪ ጨምርበት። ሲያልቅ ቁልፉን ከመንካትህ በፊት ክራንኩን ሁለት ሙሉ ዙር በእጅህ አዙር። በዚህ ሞተር ታይሚንጉ ከሳተ ፒስቶኑ ከባልቦላው ይጋጫል። በእጅ ስታዞረው የሚይዝህ ነገር ካለ ቁም።

ከላስ ቬጋስ፦ ሽፋኑ ከተነሣ አይቀር ካንዴላዎቹንም ይቀይር። ሞተሩን አሙቆ ቢፈታቸው ቶሎ ይወጣሉ።

ከሚኒያፖሊስ፦ ኧረ ተው! ሲሞቅ ነው የሚሰበሩት። እኔ አራቱ ተሰብረውብኛል።

ከላስ ቬጋስ፦ እኔ ስምንቱንም በሙቀቱ አውጥቻለሁ፣ አንድም አልተሰበረ።

ከሚኒያፖሊስ፦ ዕድለኛ ነህ። ዕድል ግን ለሰው አይመከርም።

መልስ፦ የሚኒያፖሊሱ ልክ ነው፤ የፎርድ የጥገና መመሪያም የሚለው ይህንኑ ነው። በአብዛኞቹ እነዚህ ሞተሮች ላይ የመጀመሪያው ካንዴላ ከሁለት የተገጣጠመ ነው፤ የታችኛው ክፍል በካርቦን ተጣብቆ ቴስታታው ውስጥ ይቀራል። ሞተሩ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይቀዝቅዝ። ካንዴላውን ከአንድ ሩብ ዙር ሳታሳልፍ አላላው፣ የካርቡሬተር ማጽጃ ጨምርበት፣ ቢያንስ 15 ደቂቃ ጠብቅ፣ ከዚያ እያጠበቅህና እያላላህ በትዕግሥት አውጣው። አሁን ወደ ፌዘሩ እንመለስ።

ከአሌክሳንድሪያ፦ ጋሼ፣ አንድ ጋራዥ ፌዘሩን በመቆለፊያ እናስቆመው፣ ኮምፒውተሩንም እንዳይጠቀምበት እናስተካክለው፣ ርካሽ ነው አለኝ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ አታስደርጊው እህቴ። አንደኛ፣ የብክለት መቆጣጠሪያን መነካካት በሕግ የተከለከለ ነው፤ አንቺ ባለሽበት አካባቢ ደግሞ የጭስ ምርመራ አለ። ሁለተኛውን የበለጠ አጥብቄ እነግርሻለሁ፦ መቆለፊያው ዝም የሚያሰኘው ድምፁን ነው። ማሸጊያው ፈንድቶ ከሆነ ዘይቱ አሁንም ይፈሳል፣ ካምሻፍቱ የሚቀመጥበት ቦታም ያለ ዘይት እየተፋቀ ይቀጥላል። ያኔ ቴስታታ መቀየር ይመጣል። ያ ጋራዥ ግፊት ለክቶልሻል? ካልለካ መኪናሽን ውሰጂ።

ከሂውስተን፦ ወፍራም ዘይት ባደርግበትስ? አጎቴ 15ደብሊው40 አድርጎ ድምፁ ጠፍቶለታል።

ከፊኒክስ፦ እኔም እንደዚያው ነው የማደርገው። አገራችን ሁሉም መኪና በ40 አይደለም እንዴ የሚሄደው?

መልስ፦ የአገራችን መኪና ፌዘር የለውም፤ ወይም ለዚያ ዘይት የተሠራ ነው። ይህ ሞተር የተሠራው ለ5ደብሊው20 ነው፤ የሶሌኖይዱ ቀጫጭን ቀዳዳዎች የተለኩት በዚያ ዘይት ነው። እንደ ሂውስተንና ፊኒክስ ባለ ሙቀት 5ደብሊው30 ብታደርጉ አልከራከራችሁም። 15ደብሊው40 ግን በሽታውን ሸፍኖ ያስቀጥላል። የሚወስደው 7 ኳርት ነው፤ በየ5 ሺህ ማይሉ ቀይሩ፣ በየሁለት ሳምንቱም በልኬቱ ዘንግ እዩ። እነዚህ ሞተሮች የሚሞቱት ባረጀና በጎደለ ዘይት ነው። ዘይት ቶሎ ቶሎ ከሚቀይሩ ደንበኞቼ መካከል ከ200 ሺህ ማይል በላይ በፋብሪካው ፌዘር የሄዱ አሉ፤ በዓይኔ ያየኋቸው ናቸው።

ከሻርሎት፦ ከኢንተርኔት በግማሽ ዋጋ የሚሸጠው ፌዘር እንዴት ነው?

መልስ፦ አላስርም። የፋብሪካውን ግዛ።

ከኮለምበስ፦ የእኔም ሲሞቅ ይንኳኳል፤ ፌዘር ይሆን እንዴ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ዛሬ በሰፊው መልሼዋለሁ፤ ለሲልቨር ስፕሪንጉ የጻፍሁትን አንብብ። ሜካኒካል ጌጅ። ሞቆ፣ ቆሞ። ቁጥሩን ይዘህ ና።

ከዳላስ፦ ጋሼ ተመልሼአለሁ። ጌጅ ተውሼ አሰርሁ። ሞዴሉ የ2005 ነው፣ 171 ሺህ ማይል። ሲቀዘቅዝ 58፣ ሞቆ ሲቆም 13። የሚንኳኳው ሞቆ ሲቆም ብቻ ነው። ቅዳሜ ወደ ኦስቲን ልሄድበት ነበር።

መልስ፦ ወንድሜ፣ አሁን መነጋገር እንችላለን። ኦስቲን አትሂድበት። በ13 ፒኤስአይ ሞተሩን በየመብራቱ እየፋቅኸው ነው።

ያንተ የሽብልቅ ሥራ አይደለም፤ የፊት ሽፋኑ ይከፈታል። ሁለቱ ቴንሽነሮች ይቀየራሉ፤ ከአሮጌዎቹ ባለ ሁለት ባልቦላ ሞተሮች የሚመጡት አካላቸው ብረት የሆኑት በዚህም ላይ ይገጥማሉ፣ እኔ የማስረው እነሱን ነው። የሰንሰለቱ መሪዎች፣ ሰንሰለቶቹ፣ ሁለቱ ፌዘሮች ከአዲስ ብሎኖቻቸው ጋር፣ ሁለቱ ሶሌኖይዶች፣ የዘይት ፓምፑ። መሪው ተሰብሮ ካገኘኸው ካርተሩ ወርዶ ወንፊቱ ይታጠባል፤ ባይሰበርም እንዲወርድ እመክርሃለሁ። ሲያልቅ የፊት ሽፋኑ አዲስ ጓርኒሲዮን ይግባለት፣ ዘይቱም ማጣሪያውም አዲስ ይሁን። ጌጁን ግን ከቦታው አታውጣው። አሙቀህ ቁጥሩን ላክልኝ፤ ከ25 በላይ ካልወጣ ስለ ክራንኩ ኩሽኔታዎች እንነጋገራለን።

ከዳላስ፦ እሺ ጋሼ። ዛሬ ማታ ሽፋኑን እጀምራለሁ።

መልስ፦ ባትሪውን ንቀል፣ መጀመሪያ ራዲያተሩን አውርድ፤ ያለዚያ ለእጅህ ቦታ አታገኝም። ቴንሽነሩን ስታወጣው ጀርባውን ፎቶ አንሥተህ አሳየኝ።