ካሜራው ተጠግኖ ይመለሳል፣ እንደገና ይበላሻል፤ ብሬን ማስመለስ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ባሕር ዳር ውስጥ ሠርግና ምርቃት እያነሳሁ ነው የምተዳደረው። ለጥር ሠርጎች ይደርስልኛል ብዬ ታኅሣሥ ላይ አዲስ ካሜራ ገዛሁ። ገና በመጀመሪያው ሳምንት፣ ጣና ዳር አመሻሽ ላይ ሙሽሮች ሳነሳ፣ የሙሽራው ጥቁር ሱፍ ላይ ቀያይና ነጫጭ ነጥቦች አየሁ። በሁሉም ፎቶ ላይ ቦታቸው አንድ ነው። የዚያኑ ማታ ፎቶዎቹን ለባለሱቁ በቴሌግራም ላክሁላቸው። «አምጪው፣ ይጸዳል» አሉኝ። ወስደው «ሴንሰሩ ተጸድቷል» ብለው መለሱልኝ (ሴንሰር ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው የካሜራው ክፍል ነው)፤ እውነትም ነጥቦቹ ጠፉ። ብዙም ሳይቆይ ተመለሱ። አሁን ደግሞ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ቀጭን መስመር ተጨምሯል። ድጋሚ ወሰዱት፣ ድጋሚ መለሱት፤ መስመሩ ግን ካሜራው ሲሞቅ ብቅ ይላል። ብሬን ይመልሱልኝ ስላቸው «የአዳራሽ ሌዘር መትቶት ይሆናል፤ ደግሞም ደረሰኙ ላይ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ይላል» አሉኝ። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ዋጋ ከከፈልኩት በጣም ያነሰ ነው፤ እኔ የከፈልኩት በባንክ አስተላልፌ ነው። ባለሱቁ የአጎቴ ወዳጅ ስለሆኑ ይሉኝታም ይዞኛል። እስከዚያው ካሜራ እየተከራየሁ እየሠራሁ ነው። ምን ላድርግ?
ፎቶ አንሺዋ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እህቴ፣ መልሱን ላስቀድመው። አዎ፣ መብትሽ ነው። ከአሁን በኋላ የምትጠይቂውም ሌላ ጥገና ሳይሆን ብርሽን ነው።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ዋጋው ይመለስልኝ ብሎ መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። አንቺ ችግሩን ያሳወቅሽው በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ያቺ የቴሌግራም መልእክት ትልቋ ማስረጃሽ ናት። ቴሌግራም ምን ዋጋ አለው የሚልሽ ካለ፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ስለዚህ ቻቱን እንዳታጠፊው። ቀንና ሰዓቱ እንዲታይ አድርገሽ ስክሪንሾት አንሺና ሌላ ቦታም አስቀምጪ።

«ያኔ የጠየቅሽው ጥገና እንጂ ገንዘብ አልነበረም» ሊሉሽ ይችላሉ። ይበሉ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ ነው። ገዢ ጉድለቱን እንዳወቀ ወዲያው ለሻጩ ማሳወቅ አለበት፤ ካሳወቀ በኋላ ክስ ለመመሥረት አንድ ዓመት አለው። አንቺ ደግሞ ሳታድሪ አሳውቀሻል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውስ? ጤነኛ ዕቃ ገዝቶ ሐሳቡን ለቀየረ ሰው ይሠራ ይሆናል። ዕቃው ጉድለት ካለበት ግን ደረሰኝ ላይ የተመታ ማኅተም አዋጅ አይሽርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እንዲህ ያለ ክርክር የሚያልቀው አንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ አቧራ ነው ወይስ ሴንሰሩ ራሱ ነው የታመመው? «ሴንሰሩ ተጸድቷል» የሚለው መልስ በጣም ያናደደኝ ለዚህ ነው። አቧራ ብርሃን ይከልላል እንጂ ብርሃን አያመጣም። ሴንሰር ላይ ያረፈ አቧራ ፎቶው ላይ የሚታየው ጠርዙ የደበዘዘ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ነው፤ የሌንሱን ቀዳዳ አጥብበሽ ሰማዩን በኤፍ 16 ወይም በኤፍ 22 ስታነሺ ይወጣል፣ ቀዳዳውን አስፍተሽ በኤፍ 2.8 ስታነሺ ይጠፋል። ወደ ዘጌ ስትሻገሪ ጀልባ ላይ በነፋስ ሌንስ ብትቀይሪ የሚገባው እሱ ነው፤ እሱን ማጽዳት ይፈታዋል፣ ባለሱቁንም አንወቅስበትም። ጥቁር ሱፍ ላይ የሚያበራ ቀይ ነጥብ ግን በምንም ተአምር አቧራ አይሆንም። ፎቶውን ከላይ እስከ ታች የሚሰነጥቅ ቀጥ ያለ መስመርም እንደዚያው፤ እሱ የሚመጣው ሴንሰሩ ላይ አንድ ዓምድ ፒክስል (ፎቶው የሚገነባባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ወይም ዓምዱን የሚያነበው ክፍል ሲታወክ ነው።

ታዲያ ነጥቦቹ ለምን ጠፍተው ነበር? ብዙ ካሜራ የታመመውን ፒክስል መዝግቦ በጎረቤቶቹ ቀለም የሚሸፍንበት ዘዴ አለው፤ ፒክስል ማፒንግ ይባላል። ጠጋኙ ያደረገው ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም። ለጥቂት ነጥቦች ጥሩ መፍትሔ ነው። አዳዲስ ነጥቦች እየወጡ መስመር ከተጨመረ ግን በሽታው አልዳነም፣ ተሸፍኖ ነው የተመለሰልሽ።

ሲሞቅ ይመጣል ያልሽው ደግሞ ትልቅ ፍንጭ ነው። ሴንሰር ብርሃን ሳይነካው በራሱ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ አለ፤ ሙቀቱ ከ6 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር በግምት እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ነው ሱቅ ውስጥ ቀዝቃዛ ካሜራ አብርተው፣ ሁለት ፎቶ አንስተው «ይኸው ደህና ነው» ሲሉሽ ምንም የማይታየው። አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ በቀትር ፀሐይ ቪዲዮ ስትቀርጪ ግን ጉዱ ይወጣል።

ስለዚህ ፈተናውን ሱቁ ውስጥ፣ ባለሱቁ እያዩ አድርጊው። ካሜራውን ራው (ካሜራው ሳያሳምረው የሚቀመጥ ፋይል) ላይ አድርጊ፣ የኖይዝ ማጥፊያውን (ካሜራው ነጠብጣብን በራሱ የሚያጠፋበትን) ዝጊ፣ የሌንሱን ክዳን ግጠሚ። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) 800 ላይ አድርገሽ በ1/60 ሰከንድ፣ ቀጥሎ በ1 ሰከንድ አንሺ። ከዚያ 20 ደቂቃ ያህል ቪዲዮ ቅረጪና ያንኑ ድገሚው። ሌንስ ቀይረሽም አንሺ፣ ሰበቡ ወደ ሌንስ እንዳይሄድ። ፎቶዎቹን ላፕቶፕ ላይ አጉልተሽ አሳያቸው። ለፍትሕ ያህል ይህንንም እወቂ፦ 30 ሰከንድ በተነሳ ፎቶ ላይ ጥቂት ነጥብ በጤነኛ ካሜራም ይታያል፣ በእሱ አትሟገቺ። ክዳኑ ተገጥሞ በ1/60 ሰከንድ የሚወጣ መስመር ግን ጤነኛ ካሜራ ላይ የለም።

ስለ ሌዘሩ ያሉሽን አትናቂው፤ ሌዘር በእውነት ሴንሰር ያበላሻል፣ ዲጄዎች የሚያበሩት ጭምር። ግን ጉዳቱ የሚጀምርበት ቅጽበት አለ። ከዚያ በፊት ያለው ፎቶ ንጹሕ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ነጥብ ወይም መስመር አለው። የመጀመሪያዎቹን ፋይሎች ከሜሞሪ ካርዱ ሳትነኪ አስቀምጫቸው፤ እያንዳንዱ ፋይል ቀኑንና ሰዓቱን ይዟል። ነጥቦቹ አዳራሽ ከመግባትሽ በፊት፣ ሐይቁ ዳር ከነበሩ፣ የሌዘሩ ነገር እዚያው አበቃ። በተቃራኒው የመጀመሪያው ምልክት የወጣው አዳራሽ ውስጥ በሌዘር መሀል ከሆነ፣ ጉዳይሽ እንደሚዳከም ከአሁኑ እወቂው።

ፎቶ ይዞ መሟገት ደግሞ ይሠራል። ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ዲ600 ካሜራ ሴንሰሩ ላይ ነጠብጣብ እየተመላለሰ ቢጸዳም ይመለስ ነበር። ገዢዎች በየአገሩ ተመሳሳይ ፎቶ እያነሱ አሳዩ። በ2013 ዲ610 የሚባል ተተኪ መጣ፤ በ2014 የቻይና ቴሌቪዥን በሸማቾች ቀን ጉዳዩን አነሳው፣ የሻንጋይ ባለሥልጣናትም ሽያጩ እንዲቆም አዘዙ። ኩባንያውም በዚያው ዓመት ጋራንቲው ያለፈበትን ካሜራ ጭምር በነፃ ፈትሾና ሹተሩን (ለብርሃን የሚከፈተውንና የሚዘጋውን ክፍል) ቀይሮ ለመስጠት ተስማማ። የአንቺ ችግር ሌላ ነው፤ ኩባንያውን ያሸነፈው ግን ማንም ሊደግመው የሚችል ቀላል ፈተና ነው።

ቀጥሎ ደብዳቤ። አጭር ይሁን፦ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ደረሰኝ ቁጥር፣ ሴሪያል ቁጥሩ ይህ የሆነ ካሜራ ከእርስዎ ገዝቻለሁ። ጉድለቱን በዚህ ቀን አሳውቄአለሁ። በእነዚህ ቀናት ለጥገና ተቀብለውኝ ያው ጉድለት ተመልሷል። ካሜራውን ተረክበው የከፈልኩትን ብር በ7 ቀን ውስጥ እንዲመልሱልኝ እጠይቃለሁ።» በሁለት ቅጂ አዘጋጂና አንዱ ላይ ተቀብያለሁ ብለው ይፈርሙልሽ። አልፈርምም ካሉ ምስክር ይዘሽ ስጪ፣ በቴሌግራምም ላኪው። ከእንግዲህ ደግሞ ካሜራውን ያለ ወረቀት ለማንም እንዳታስረክቢ። «ለጥገና ተቀበልኩ» የሚል ፊርማ ከሌለ፣ ነገ «አላየሁትም» ቢሉሽ ምን ትይዣለሽ?

የደረሰኙ ዋጋ ነገር ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው። ብሩን ሲመልሱ በደረሰኙ ልክ ልስጥሽ ሊሉ ይችላሉ። የባንክ ማስተላለፊያሽን በማኅተም አስወጪው፤ የከፈልሽውን የሚያሳየው እሱ ነው። እንደ ማስፈራሪያ አትጠቀሚበት፣ ከተጠየቅሽ ግን አትደብቂው። የኪራይ ደረሰኞችሽንም ሰብስቢ፤ አዋጁ ሸማች ለደረሰበት ጉዳት ካሳ የመጠየቅ መብት አለው ይላል።

ይሉኝታውን እረዳዋለሁ፤ ባሕር ዳር ሰፊ አይደለችም፣ ነገ ጥምቀት ላይ ትገናኛላችሁ። አጎትሽን ይዘሽ ሂጂ፣ በሽማግሌም ጨርሱት፤ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው። ግን ደብዳቤው ይቅደም። ሽምግልናው ሲጓተት ቀኑ የሚቆጠረው ባንቺ ላይ ነው። በሰባት ቀን ውስጥ መልስ ከጠፋ ማስረጃሽን በሙሉ ይዘሽ ወደ ከተማው የንግድ መሥሪያ ቤት አቤቱታ አስገቢ፤ እዚያ ካልተፈታ ፍርድ ቤት አለ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ካሜራ ከግለሰብ ልገዛ ነው። ሻጩ ነጋዴ አይደለም። ቢበላሽብኝ የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ ይሠራልኛል?
አንባቢ፣ ከጎርጎራ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አዋጅ 813 የሚይዘው ነጋዴውን ነው። ከግለሰብ ስትገዛ የሚቀርህ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው፣ እሱም ውል ካለህ ይበረታል። ሁለት ምስክር ያለበት፣ ሴሪያል ቁጥሩ የተጻፈበት አንድ ገጽ ውል ይበቃል። ብሩን ከማስተላለፍህ በፊት ግን ከላይ ለእህታችን የነገርኳትን የክዳን ፈተና፣ ካሜራው ሞቆ እያለ፣ በራስህ ሜሞሪ ካርድ አንሳና ፋይሉን ቤትህ ወስደህ በትልቅ ስክሪን እየው። ሻጩ ለዚያ ጊዜ አልሰጥም ካለህ አትግዛ።