መልስ፦ የተውኔት ሞኖክሌ (የአንድ ዓይን መነጽሬ) ፈገግ ስል ይወድቃል፣ ጨምቄ ስይዘው ዓይኔ ያለቅሳል

መጨመቁን አቁም። ሞኖክል በቅንድብህና በጉንጭህ መካከል፣ የዓይን ጉድጓድህ ጠርዝ ላይ ተደላድሎ ነው የሚቀመጠው። ፈገግ ስትል የሚወድቀው ልክህ ስላልሆነ ነው።

1. ፊትህን ዘና አድርገህ ከቅንድብ አጥንትህ ሥር እስከ ጉንጭህ አናት ያለውን በማስመሪያ ለካ። የሞኖክሉ ስፋት ለዚያ የቀረበ ይሁን፤ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ ለውጥ አለው። ከጠበበ ይወድቃል፣ ከሰፋ ቆዳህን ወጥሮ ያስለቅስሃል።

2. ቅንድብህን ከፍ አድርግና የታችኛውን ጠርዝ ጉንጭህ ላይ አስቀምጥ። የላይኛውን ከቅንድብህ ሥር አስገብተህ ቅንድብህን ልቀቀው። በቃ።

ሽፋሽፍትህ ሌንሱን ከነካ በየርግብግቢቱ ይገፋዋል። ያኔ ከኋላው ወጣ ያለ ክፈፍ ያለው፣ ጋለሪ የሚባለው ዓይነት ነው የሚያስፈልግህ፤ ሌንሱን ከዓይንህ ያርቀዋል። ፍሬም የሌለው ከሆነ ጠርዙ እንደ ሳንቲም ጥርስ ጥርስ ያለውን ምረጥ፣ ለስላሳው በላብና በሜካፕ ያንሸራትታል። ክሩን ከሰደርያህ ቁልፍ ጋር እሰረው።

ሞኖክል ያደረገ ሰው ሁልጊዜ ፊቱን ጨምድዶ የሚታየው ደግሞ የካርቱን ማጋነን ነው። የእንግሊዞቹን ፖለቲከኞች የጆሴፍ ቻምበርሌንንና የልጁን የኦስተንን ፎቶ እይ፤ ሞኖክል አድርገው ፊታቸው የተረጋጋ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ለመድረክ ኃይል የሌለው (ዕይታን የማይቀይር) የፕላስቲክ ሌንስ አስገባበት። የማንበቢያ ሌንስ ከሆነ ሁለቱ ዓይኖችህ የተለያየ ስለሚያዩ የደረጃ ርቀት ያሳስትሃል። የብርጭቆ ሌንስ ደግሞ ሲወድቅ ሊሰበር ይችላል።