«የነሐስ ባንድ ከበሮ» ምን ጎደለው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጀርመን ነው። አንዲት መንደር ሙዚየም ውስጥ የድሮ ባንድ ትልቅ ከበሮ አየሁ። ፎቶውን «የነሐስ ባንድ ከበሮ» ብዬ ለቤተሰብ ስልከው፣ እናቴ «ይሄ እንጨት አይደል እንዴ? ነሐሱ የታለ?» አሉኝ። ምን ልበለው? «ነጋሪት» ቢባልስ?

መልስ፦ እናትዎ አልተሳሳቱም። «የሸክላ ድስት»፣ «የብረት ምጣድ» እያለ ያደገ ሰው ከ«የነሐስ» ቀጥሎ የሚጠብቀው ዕቃ ነው። ባንድ ደግሞ ከነሐስ አይሠራም። ስለዚህ ነሐሱን ለከበሮው ይሰጠዋል። ነሐስ የሆኑት መለከቶቹ ናቸው፤ ከበሮው እንጨትና ቆዳ ነው።

እኛ ዘንድ የተለመደው ስም «ማርሽ ባንድ» ነው። የዓድዋ በዓል ሰልፍ ላይ ያየው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው። ሁለቱም ቃላት ከውጭ የመጡ ናቸው፤ ይሁና። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም አግኝተው ያመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችም የሚነፉት የነሐስ መሣሪያ ነበር። ሰዉ ግን ነሐሱን ትቶ ልጆቹን ቆጠረና «አርባ ልጆች» አላቸው። እኔ ይሄ ስም ደስ ይለኛል።

«ነጋሪት»ን ግን ይተዉት። ነጋሪት ቆዳ የሚለብሰው በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ሆዱ እንደ ድስት ነው። ዋና ሥራውም አዋጅ ማስነገር ነው። ስሙ ራሱ ከ«ነገረ» ጋር ዘመድ ነው፤ በ1934 ዓ.ም. የተጀመረው የሕግ ጋዜጣ «ነጋሪት» መባሉም ለዚሁ ነው። ግሱም የራሱ ነው። ከበሮ ይመታል፣ ነጋሪት ይጎሰማል። «የማርሽ ባንዱ ከበሮ ተጎሰመ» የሚል ነገር ሳነብ ክተት የታወጀ ይመስለኛል።

«ከበሮ» ይበቃዎታል። የቤተ ክርስቲያኑ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ በእጅ ይመታል፤ የማርሹ ደረት ላይ ሆኖ በዱላ። ሁለቱም ግን በሁለት ወገን ቆዳ የለበሱ ናቸው። «ድራም» ካሉ ሰው የሚያስበው ተቀምጠው የሚመቱትን ነው። «ታምቡር»ም አለ፤ እሱ ግን ዛሬ ጆሮ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል።

አንድ ነገር ልጨምር። «የድሮ ማርሽ ባንድ ከበሮ» ብለው እንዳይጽፉ። እናትዎ ደግሞ «የድሮው ባንዱ ነው ከበሮው?» ይሉዎታል። «የመንደሩ ማርሽ ባንድ ይመታው የነበረ ከበሮ» ይበሉ። ድሮነቱን «ነበረ» ይናገርልዎታል።