«ስናረጅ እንቆርባለን»

ጥያቄ፦ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ እህል እሸጣለሁ። ከባለቤቴ ጋር በሰማንያ ከተጋባን 11 ዓመታችን ነው። ልጆቻችን በ40ና በ80 ቀናቸው ክርስትና ሲነሡ ቆርበዋል፤ እኛ ግን «ልጆቹ ይደጉ፣ ንግዱም ይስተካከል፣ ስናረጅ እንቆርባለን» እንላለን። ቆርቦ መሳሳት ይብሳል ሲባልም እሰማለሁ። ደግሞስ ፈያታዊ ዘየማን፣ በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ፣ በመጨረሻዋ ሰዓት አይደል የዳነ?

መልስ፦ ከፈያታዊ ዘየማን እንጀምር፤ ቀን የሚገፋ ሰው ሁሉ የሚጠራው እሱን ነውና። ወንጌል «ኋላ እደርሳለሁ» ብሎ ቀጠሮ ይዞ ነበር አይለንም። አጠገቡ የተሰቀለውን ጌታ «አስበኝ» ያለው እዚያው ነው (ሉቃ. 23፥42)። ለእናንተ የሚቀርበው አገረ ገዥው ፊልክስ ነው። ጳውሎስ ስለ ጽድቅና ስለሚመጣው ኩነኔ ሲነግረው ፈራ፤ ሲመቸኝ አስጠራሃለሁ ብሎም ሰደደው (ሐዋ. 24፥25)። እውነትም አስጠራው፣ ያውም ደጋግሞ፤ ግን ጉቦ ፈልጎ ነበር። ሁለት ዓመት እንዲሁ አለፈ። ምቹው ጊዜ ሲመጣ የመጀመሪያው ድንጋጤ አብሮ አልመጣም።

ቆርቦ መሳሳት ይብሳል የሚለው ፍርሃት ከአክብሮት የመጣ ነው፤ አንንቀውም። ግን ቆራቢ ላይ የተከለከለው ዝሙት ወይም ሐሰት ባልቆረበው ላይ አልተፈቀደም። ቆርቦ የወደቀም ንስሐ አለው። ለአርባ ተዝካሩ ጤፍ የሚያስብ ሰው ለራሱ ቁርባን ቀን አለመቁረጡ ሁሌም ይገርመናል።

«ንግዱ ይስተካከል» ያሉት ደግሞ ራሱ የንስሐው ጉዳይ ነው። ሚዛን ጎድሎ ከሆነ ዛሬ የጎደለበትን ደንበኛ ያውቁታል፤ ከ20 ዓመት በኋላ ማንን ፈልገው ይመልሳሉ? ያልተገኘው ሰው ድርሻ በነፍስ አባት ምክር ለድኃ ይሰጣል፤ የሚታወቀው ግን ለራሱ ይመለስለት። የተጣላችሁትም ሰው ካለ ቀድማችሁ ታረቁ።

ሁለታችሁም ወደ አንድ የነፍስ አባት ሂዱ፤ ከሌላችሁ የአጥቢያችሁን አስተዳዳሪ ጠይቁ። ኑዛዜው ለየብቻ ነው። «በድያለሁ» ብሎ በጥቅሉ ማለፍ አይበቃም፣ ኃጢአቱ ከነዓይነቱ ይነገራል። የባለቤትን ጥፋት መዘርዘር ግን ክስ እንጂ ኑዛዜ አይደለም። የነፍስ አባታችሁ ለንስሐ የሚያዟችሁ ቀኖና ስግደት ካለበት ቅዳሜና እሑድ፣ በበዓለ ሃምሳም እንደማይሰገድ አስባችሁ ቀን ቁጠሩ፤ አለዚያ ያሰባችሁት እሑድ ቀኖናው ሳያልቅ ይደርሳል።

ባልና ሚስት ከቁርባኑ በፊት 3 ቀን መኝታ ይለያሉ። ከእህልና ከውሃ የሚጾመው 18 ሰዓት ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራሉ። ሥጋ ወደሙ እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ የሚሰጥ ከሆነ ከቅዳሜ 9 ሰዓት በኋላ ምንም አይቀመስም። ቅዳሴው ሳይጀመር ግቡ፤ አርፍዶ ገብቶ መቁረብ የለም። በሰዓቱ የሚወሰድ መድኃኒት ካላችሁ ለነፍስ አባታችሁ የምትነግሩት ቀኑ ሲቆረጥ ነው፣ በዋዜማው አይደለም።